ተመልሶ የሚዘራ ዘር ስጡን

ለ፦ በአዲስ አበባ የከተማ ግብርናን ለምትመሩና በየወረዳው ለምታስተባብሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፤ በጓሮውም በጀሪካኑም ለሚዘራ የከተማው ነዋሪ ሁሉ
ጉዳዩ፦ የአገር አትክልትና ቅመም ዘር እንዲታደለን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ከሌማት ትሩፋት ወዲህ ከተማችን አፈር መንካት ጀምራለች። በቆርቆሮ አጥር ሥር፣ በኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በሲሚንቶ ከረጢት ሳይቀር ቆስጣና ሰላጣ ይታያል። ባለሙያዎቻችሁ ግቢ ለግቢ እየዞሩ ሲደክሙ አይቻለሁና ምስጋናዬ የወግ አይደለም። የዛሬው ጉዳዬ ግን ዘሩ ነው። የሚታደለንም ሆነ ከሱቅ የምንገዛው የአትክልት ዘር ይበቅላል፣ ያምራል፣ ይበላል፤ በዚያው ያልቃል። በዓመቱ ያው ሰው ለያው ዘር እንደገና እጁን ይዘረጋል። የምጠይቀው ከምታድሉት ዘር ከፊሉ፣ ነዋሪው ራሱ ዘር ይዞ መልሶ የሚዘራውና ለጎረቤት የሚያካፍለው የአገር ዘር እንዲሆን ነው።

ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ማስተማሬ አይቀርም፤ ታገሡኝ።

በጥቅሉ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ምልክት ያለበት ዘር ድቅል ዘር ነው። ሁለት የተለያዩ ንጹህ መስመሮች (ዘራቸው ሁሌም ወላጁን የሚመስል) ሲዳቀሉ የሚገኘው የመጀመሪያ ትውልድ ቁመቱም ፍሬውም ወጥ፣ ጉልበቱም ብርቱ ይሆናል። ከእሱ ዘር አስቀርቶ የዘራ ሰው ግን በዓመቱ ከአንድ መደብ ላይ ትልቅም ትንሽም፣ ሞላላም ክብም፣ ፈጥኖ የሚደርስም የሚጎተትም ያገኛል። የዘር ውርስ ሳይንስ አባት የሚባለው ሜንዴል በ19ኛው መቶ ዘመን በአተር ላይ ያየው ይህንኑ ነው። «ድቅል ዘር መካን ነው፤ እንዳይበቅል ተደርጎ ነው የተሠራው» የሚል ወሬ በየሰፈሩ እሰማለሁ። ተማሪ በፈተና ላይ ቢጽፍልኝ ኤክስ ነበር የምሰጠው። ይበቅላል፤ ወላጁን ግን አይመስልም።

ድቅል ዘርን ለማውገዝ አልተነሣሁም። ምርቱን በአንድ ቀን ለቅሞ መኪና ላይ ለሚጭን አምራች ጥሩ ነገር ነው። ሦስት መደብ ብቻ ላላት እናት ግን ቲማቲሙ ሁሉ በአንድ ሳምንት መቅላቱ ምን ይፈይድላታል? እሷ የምትፈልገው ዛሬ ለወጥ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ ለሰላጣ ሦስት የሚያስለቅማትን ነው። የግድ ከውጭ የሚመጣ ዘር መኖሩንም አልክድም። ጥቅል ጎመንና ካሮት ለማበብ ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ይሻሉ፤ ዘራቸውን እዚህ በብዛት ማምረት ቀላል አይደለም። እነሱ እንዳሉ ይቀጥሉ።

እኔን የሚከነክነኝ ሀበሻ ጎመን ነው።

ሀበሻ ጎመን መነሻው እዚሁ እኛ ደጋ ላይ ነው። ጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ ተዳቅለው የወለዱት ተክል ነው፤ አንደኛው 8 ጥንድ፣ ሌላኛው 9 ጥንድ ክሮሞሶም አላቸው፣ የእኛው ጎመን 17። ይህን ዝምድና በ1935 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው ናጋሃሩ ዩ በሦስት ማዕዘን ሥዕል አስቀመጠው፤ ሥዕሉ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከዚሁ ተክል ዘር፣ ከጎመንዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያው የካንታስ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልበርን ድረስ ያንኑ ነዳጅ ከተለመደው ጋር ቀላቅሎ ተጓዘ። እኛ ምጣድ እናስስበታለን። ክፋት የለውም፣ ምጣድም መታሰስ አለበት፤ ግን ሌላው ሰማይ ላይ የሚያወጣውን ተክል እኛ በጓሮ ዘር ዝርዝራችን ውስጥ እንኳ ብንፈልገው ላናገኘው አይገባም ነበር።

ለማሰሻ ከሚሸጠው ጎመንዘር ገዝተው የሚዘሩ ሰዎች አሉ። አብዛኛው ይበቅላል፤ ዋጋውም ከማንኛውም ጥቅል ይረክሳል። ችግሩ ለዘይቱ ሲመረጥ የኖረውና ለቅጠሉ ሲመረጥ የኖረው አንድ አለመሆኑ ነው። የዘይቱ ዓይነት ዘሩን ለማድረስ ይቸኩላል። እየተቀነጠሰ የሚከርመው፣ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ የሆነው ጎመን ግን በገበያ ከረጢት ውስጥ ሳይሆን በየገበሬው ጓሮ፣ ባብዛኛው በሴቶች እጅ ነው ያለው። እሱም ቢሆን በአያያዝ ይበላሻል። ሰው እንደ ልማዱ ቀድሞ ያበበውን፣ ለድስት የማይሆነውን እግር «ይህ እንግዲህ ለዘር ይሁን» ብሎ ይተወዋል። ያ በየዓመቱ ሲደጋገም ጎመኑ ለማበብ የሚሮጥ ይሆናል። ለዘር መተው ያለበት ዘግይቶ የሚያብበው፣ ቅጠሉን አብዝቶ የሰጠው ነው። ያውም ከአንድ እግር ብቻ አይደለም። ሃያ እግር ያህል ቢገኝ መልካም ነው፤ ቦታ ከሌለ አምስት ስድስት ቤት ተባብሮ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እግር ቢተው ያው ነው። ይህን የምትናገር አንዲት ባለሙያ በየወረዳው ብትኖረን ከብዙ ጥቅል ዘር ይበልጥብናል።

አያያዙ ራሱ ከባድ ትምህርት አይደለም። ሰላጣ፣ ቲማቲምና አደንጓሬ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ለጀማሪ ይመቻሉ። የቲማቲም ዘር በያዘው ዝልግልግ ነገር ሁለት ሦስት ቀን እንዲቦካ ተትቶ ከታጠበ በኋላ በጥላ ይደርቃል። ዱባን የሚያዳቅለው ንብ ነውና ሁለት ዓይነት ጎን ለጎን ካበቡ ዘሩ ይደባለቃል። ቆስጣና ቀይ ሥርም አንድ ዝርያ ስለሆኑ አብረው ካበቡ ይዳቀላሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ በዓመቱ ቆስጣ ነው ብሎ የዘራው መልኩ ሲለወጥበት አፈሩን ይረግማል።

ከዚያ ማድረቅና ማስቀመጥ ነው። እናቶቻችን ዘሩን አመድ ለውሰው በቅል አድርገው ከምድጃ በላይ ይሰቅሉት ነበር። አመዱና ጭሱ ነቀዝ ያርቃሉ፣ ሙቀቱ እርጥበት ያወጣል። በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት በእጥፍ ይረዝማል፤ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንዲሁ። የሳይንሱ ስሌት ይህ ነው፤ ባለ ቅሏ እናት ስሌቱን ባታውቀውም ሥራውን ታውቅ ነበር። ምድጃና ጭስ በሌለበት ኮንዶሚኒየም ክዳኑ ግጥም የሚል ብልቃጥና በምጣድ ተቆልቶ የቀዘቀዘ ጥቂት ሩዝ ይበቃል፤ ሩዙ እርጥበቱን ይስባል። የሽንኩርት ዘር ግን ሰነፍ አይወድም፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አትመኑት። የጎመን ዘር በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቆያል። የተጠራጠረ ሰው ሃያ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደበቀለ ማየት ይችላል።

ወደ ቅመሙ ልምጣ፤ በእውነት ልቤ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ቤት በርበሬ ሲያስፈጭ በሶብላው፣ ጦስኙ፣ ጤና አዳሙ፣ ድምብላሉ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ጥቁር አዝሙዱና ኮረሪማው ከየአገሩ ተሰብስቦ ነው። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረቱ፣ አብሹና እርዱ ይጨመራል። ሁሉም አዲስ አበባ ላይ ይብቀል አልልም። ኮረሪማ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ደን ጥላ ልጅ ነው፤ በርበሬም ሞቅ ያለ ቆላማ ወይና ደጋ ይሻል፤ ማረቆና አላባ የታወቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ እንስላል፣ ድምብላል፣ ዳማከሴና ጦስኝ ግን ከተማችን ውስጥ በጣሳ እንኳ ይሆናሉ። በሶብላም ብርዱና ውርጩ ካልበረታበት ጥሩ አድርጎ ይመጣል። ጤና አዳም በዘርም በቁራጭም ይያዛል። ኮሰረት ቁራጩን አፈር ውስጥ መሰካት ነው። ድምብላል ከቅመም ነጋዴ የተገዛው ራሱ ይበቅላል፤ ለሁለት እንዲከፈል በመዳፍ ጫን ብሎ ማሸት ብቻ ነው።

ሱቅ ውስጥ ግን ምን ይሸጣል? ባማረ ጥቅል የታሸገ የውጭ በሶብላ፣ «ባዚል» ተብሎ። ለሰላጣና ለፓስታ ይሆን ይሆናል። ሽሮ ላይ ነስንሳችሁ አሽትቱትና ንገሩኝ። የእኛ በሶብላ ሌላ ሽታ ነው፤ አበባው ከነዘሩ ደርቆ ነው የሚፈጨው። እሱን የያዘ ጥቅል እኔ በምገበያይባቸው የዘር ሱቆች አላየሁም። ጦስኙም ያሳስበኛል። ገበያ የሚመጣው አብዛኛው ከደጋ ሜዳ የተለቀመ ነው፤ ከነሥሩ የተነቀለ ደግሞ አይመለስም። በየግቢው አንድ አንድ እግር ጦስኝ ቢኖር የከተማው ሻይ ለብቻው ስንት ነቅሎ መሸጥን ያስቀር ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ከውጭ ከሚመጣው ዘር ብዙው ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ተቀብቶ ይመጣል። ቀለሙ የሻጋታ መድኃኒት መነካቱን የሚያስጠነቅቅ ነው። ልጆች እጃቸውን ሳይታጠቡ በሚሯሯጡበት ግቢ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488ን ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከወጣ ሕፃን ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በፍግና በኮምፖስት ብቻ ከለማ መደብ የተያዘ፣ መድኃኒት ያልነካው የጎመን ወይም የበሶብላ ዘር የፈለገ ነዋሪ ግን ዘመድ ካለው ገጠር መላክ ነው ያለው አማራጭ። ለቡና ወደ ውጭ ስንልክ የምንጨነቅለትን ለራሳችን ድስትም ብንጨነቅለት ጥሩ ነው።

ዘሩ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። በ1976 እ.ኤ.አ. በጀርመን መንግሥት እገዛ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ተብሎ የተቋቋመው የዛሬው ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው የታገሉለት ሐሳብ ዘር በብርድ ክፍል ብቻ አይጠበቅም፣ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ ጭምር ነው የሚጠበቀው የሚል ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ስንቱ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን በልቶ ባዶ እጁን እንደቀረ ለሚያውቅ ሰው ይህ የወረቀት ክርክር አይደለም። በኤጄሬና በጨፌ ዶንሳ የተቋቋሙት የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው፤ ገበሬው የአገር ስንዴ ዘር ይበደርና ምርት ሲገባ ከወለዱ ጋር ይመልሳል። ሁለቱም ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚጎበኙ ናቸው።

በኢንስቲትዩቱ ክምችት ውስጥ የሚበዛው እህልና ጥራጥሬ ነው። የሚጠበቅ ነው፤ አገር የምትኖረው በእህል ነው። የጓሮ አትክልቱና ቅመሙ ግን ከየባልቴቱ ጓሮ ካልተሰበሰበ ከባለቤቶቹ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ለኢንስቲትዩቱ የማቀርበው ልመና ሁለት አቅጣጫ አለው፦ ካለው ላይ ለከተማው ማራቢያ የሚሆን ጥቂት ጥቂት እንዲያካፍል፣ ከከተማው እናቶችም የሚሰጡትን እንዲቀበል። አዲስ አበባ ከአገሩ ሁሉ የመጣ ሰው ያለባት ከተማ ናት። ከወለጋ የመጣች የአንጮቴ ዘር፣ ከጉራጌ የመጣች የጎመን፣ ከኮንሶ የመጣች የሽፈራው ዘር በመቀነቷ ቋጥራ መጥታለች። የጠየቃት የለም።

በጥራት በኩል ስጋት ያለው ሰው ትክክል ነው። የጎመን ጥቁር ብስባሽ በሽታ በዘር ይተላለፋል። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት በደቡብ የዝንጅብል ማሳዎችን የፈጀው አጠውላጊ በሽታም ከታመመ ማሳ በተወሰደ የተከላ ሥር ጭምር ተዛምቷል፤ ዝንጅብል አምራቹም ለዓመታት አላገገመም። ስለዚህ ማንም የያዘውን ለማንም ይስጥ አልልም። የጎመንና የቲማቲም ዘር በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቅ ውሃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሲነከር አብዛኛው የባክቴሪያ በሽታ ይጠፋለታል፤ ቴርሞሜትርና ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ ፋብሪካ አይፈልግም። ሙቀቱ ካለፈ ግን ዘሩ ይሞታልና በየቤቱ ሳይሆን በወረዳ ደረጃ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ቢሠራ ይሻላል። በግልጽ የታመመ እግር ዘሩ አይያዝ። ይህን ያህል ቁጥጥር ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ሕጉም ግልጽ ይሁንልን። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የዘር አዋጅ ቁጥር 782 ከራስ ማሳ የተያዘ ዘርን መጠቀምንና በአነስተኛ ገበሬዎች መካከል መለዋወጥን ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎ ነበር። መልካም ነበር። የከተማ ጓሮ አልሚ ግን ገበሬ ነው ወይስ አይደለም? አሥር ጎረቤት ተሰብስቦ ዘር ቢለዋወጥ፣ ትርፉንም በቅዳሜ ገበያ በትንሽ ፖስታ ቢሸጥ አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ የት ይመድበዋል? ደንብ አስከባሪ መጥቶ ፖስታውን ከመሰብሰቡ በፊት መልሱን በጽሑፍ ብታሳውቁን እንወዳለን።

ከእናንተ የምጠብቀው ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በምታድሉት ጥቅል ሁሉ ላይ ድቅል መሆኑና አለመሆኑ፣ መድኃኒት መነካቱና የተመረተበት ዓመት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ሰው የያዘው ዘር ለዓመቱ ይመለስ አይመለስ ይወቅ። በየወረዳው ካለው ሠርቶ ማሳያ አንድ መደብ ለመብል ሳይሆን ለዘር ይተው፤ ጉብኝት ሲመጣ አብቦ የረዘመ ጎመን እንዳያሳፍራችሁ፣ ነቅላችሁም አትጣሉት። ዘር የወሰደ ሰው ስሙ ይመዝገብና ምርቱ ሲደርስ የወሰደውን እጥፍ ይመልስ፤ የእሱ ለሌላው ይሰጥ። በዕድርና በዕቁብ ለምንኖር ሰዎች ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ የማይመልሰውንም ዕድሩ ያውቅበታል።

መጀመሪያ ላይ አምስት ነገር ይበቃል ባይ ነኝ፦ የሚቀነጠስ ሀበሻ ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ድምብላልና የአገር አደንጓሬ። አንዱ ወረዳ ይሞክረው። የት ወረዳ እንደሚሆን እናንተ ምረጡ፤ ውሃ በፈረቃ የማይጠፋበት ቢሆን ይመረጣል፣ ካለ።

ጎመን በሰኔ መግቢያ ተዘርቶ ለዘር የሚደርሰው ከታኅሣሥ እስከ ጥር ነው። ለዘንድሮው ክረምት ለመድረስ መደቡ በግንቦት መዘጋጀት አለበት። ስለዚህ ምላሻችሁ ከሚያዝያ ባያልፍ መልካም ነው። ዘር መያዝን ለማስተማር ደመወዝ አልጠይቅም፤ የያዝኩትንም የጎመንና የበሶብላ ዘር ለመጀመሪያው መደብ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጓሮ አትክልት አልሚ
አዲስ አበባ